ኮቴ ሠሪዎቹ

ቆራሌው ቢገባበት ከየት እንደሚጀምር የሚጨንቀው ክፍል ነው። ወለሉ እዚህ ጋ ሲሚንቶ፣ እዚያ ጋ ጣውላ፣ ቀጥሎ እብነ በረድ ነው፤ ጥጉን ይዘው ጠጠር፣ አሸዋና ደረቅ ቅጠል የተሞሉ ሣጥኖች ተደርድረዋል። መኪና በሌለበት የመኪና በር ቆሟል። ቤት በሌለበት የቤት በር ከነመቃኑ፣ ከነመቀርቀሪያውና ከነሰንሰለቱ ተተክሏል። መደርደሪያው ላይ የሚበዛው ጫማ ነው፤ የወታደር ቡትስ፣ ሶሉ ቆዳ የሆነ የቢሮ ጫማ፣ ሸበጥ፣ በወንድ ቁጥር የተሠራ ባለ ታኮ የሴት ጫማ። በዚህ ሁሉ ኮተት መሀል አንድ ሰው ዐይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ፣ ጉልበቱን ሰበር አድርጎ፣ ባለበት ይራመዳል። አንዲት ጋት ፈቀቅ ሳይል ኮሪደሩን ጨርሶ ደረጃ ይወጣል። ከፊቱ ማይክሮፎን ተደቅኗል፤ ከመስታወቱ ወዲያ ደግሞ ቀራጩ ጆሮውን በማዳመጫ ሸፍኖ ያዳምጠዋል።

ሥራው ፎሊ ይባላል። ፊልሙ ተቀርጾና ተቀናብሮ ካለቀ በኋላ ሰዎቹ የሚያሰሙትን ሁሉ፣ ኮቴውን፣ የልብሱን ኮሽታ፣ ያነሡትን ብርጭቆ፣ የወረወሩትን ቁልፍ፣ ምስሉን እያዩ በእጅና በእግር እንደገና መሥራት ነው። ከሲኒማ ሙያዎች አንዱን ምረጥ ብባል ከካሜራውም ከሜካፑም በፊት ይህን እመርጣለሁ። ስለ ፎሊ ሲወራ ሁሌ የሚነሣው በኮኮናት ቅርፊት የሚሠራው የፈረስ ኮቴና የመሳሰለው አስቂኝ ዘዴ ነው። ዘዴው ያስቃል፣ ይጣፍጣልም፤ ግን አንድ ጊዜ ከታወቀ ማንም ሊደግመው ይችላል። እኔን የሚደንቀኝ የሰዎቹ ትወና ነው።

አንዲት እርምጃን ቀረብ ብለን እናዳምጥ። መጀመሪያ ተረከዝ ያርፋል፤ አጭርና ደረቅ ምት ነው። ከዚያ ሶሉ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ይህኛው ከተረከዙ ይለሰልሳል፣ ግን ይረዝማል። በመጨረሻ ጣቶቹ ገፍተው ሲነሡ በሶሉና በወለሉ መሀል የቀረችው አቧራ ትፈጫለች። ሦስቱም ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃሉ፤ አንዷ ብትጎድል ግን ጆሮ ወዲያው ይጠራጠራል። መንገደኛ ይህን ሁሉ ሳያስበው ያደርገዋል፤ ክብደቱ ወደፊት እየሄደ ነውና። ባለበት የሚራመድ ሰው ክብደት ግን የትም አይሄድም። እግሩን ዝም ብሎ አንሥቶ ቢያስቀምጥ የሚሰማው ርግጫ ነው እንጂ አካሄድ አይደለም። ስለዚህ ተረከዙን ያሳርፋል፣ ክብደቱን በእግሩ ጠርዝ በኩል ወደ ጣቶቹ ያሻግራል፣ ከዚያ እግሩን ያለ ኮሽታ ወደነበረበት ይመልሳል። ይህች የመመለሷ እንቅስቃሴ ማይክሮፎኑ ውስጥ መኖር የለባትም። ሱሪው እንዳያንሿሽሽበት ለስላሳ ልብስ ይለብሳል። ምሳ ሰዓት ሲቃረብ የሚጮኽ ሆድ እንኳ ቀረጻ ያበላሻል።

ብዙ ጊዜ ካሜራው ተዋናዩን ከወገብ በላይ ስለሚያሳየው እግሩ አይታይም። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ታዲያ የሚያዩት ትከሻውን ነው፤ ትከሻ ዝቅ ሲል እግር አርፏል። መቼ እንደሚረግጡ በዚህ ያውቃሉ። እንዴት እንደሚረግጡ ግን ምስሉ አይነግራቸውም። ከቀብር የሚመለስ ሰውና ዕዳ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው በአንድ ፍጥነት ሊራመዱ ይችላሉ፤ ተረከዛቸው ግን አንድ አይሆንም። ያን ልዩነት ከራሱ አውጥቶ የሚሰጠው ባለ ጫማው ነው። ቁመቱም ጾታውም ከተዋናዩ ጋር ላይገናኝ ይችላል። ጢማም ጎልማሳ ለአንዲት ዘናጭ ወይዘሮ በታኮ ሲራመድላት፣ ቀጭን ሴት ደግሞ ለግዙፉ ወንበዴ ቡትስ አጥልቃ ስትረግጥለት መዋል በዚህ ክፍል ውስጥ ተራ ነገር ነው።

ለመሆኑ ቀረጻው ቦታ ላይ የነበረው ድምፅ የት ገብቶ ነው ይህ ሁሉ ድካም? እዚያ ማይክሮፎኑ ያነጣጠረው ወደ አፍ ነው። ንግግሩ ጥርት ብሎ እንዲገባ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ከተዋናዮቹ ጫማ ሥር ድምፅ የሚያፍን ነገር ይለጠፋል። የድንጋይ መስሎ የሚታየው የቤተ መንግሥት ደረጃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀለም የተቀባ፣ ከሥሩ ባዶ የሆነ ጣውላ ነው። ንጉሡ በግርማ ሲወርድ ደረጃው እንደ ባዶ ሣጥን ያጓራል። ያን ድምፅ አውጥቶ በምትኩ ድንጋይ መስጠት የግድ ይሆናል።

ሙያው ስሙን የወረሰው ከጃክ ፎሊ ነው። በ1891 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኒው ዮርክ ተወለደ፤ ካሊፎርኒያ ተሻግሮ ቢሾፕ በምትባል ትንሽ ከተማ መደብር ውስጥ ሲሠራ ከቆየ በኋላ ከፊልም ሰዎች ጋር ተዋወቀና ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ገባ። በ1927 ዋርነር ብራዘርስ «ዘ ጃዝ ሲንገር»ን አወጣ፤ ተመልካቹ ተዋናይ ሲዘፍንና ሲናገር መስማት ጀመረ። ዩኒቨርሳል ድምፅ አልባ አድርጎ የጀመረውን «ሾው ቦት»ን እንዳለ ቢያወጣው ማን ያይለታል? ስለዚህ ፊልሙ እየታየ ኦርኬስትራው በአንድ ወገን፣ ፎሊና ጓደኞቹ በሌላ ወገን ቆመው ሙዚቃውም ጭብጨባውም ኮቴውም ባንድ ላይ ተቀረጸ። ድምፅን ለየብቻ ቀርጾ እንደ ልብ ማዳበል ባልተቻለበት ዘመን አንድ ሰው ካነጠሰ ሁሉም ከመጀመሪያው ይደገማል። ፊልሙ በ1929 ታየ።

ከዚያ ወዲህ ፎሊ ዕድሜውን የፈጀው በሌሎች እግር ነው። የተዋናዮቹን አካሄድ በየስማቸው ለይቶ ያውቅ ነበር፤ ሮክ ሀድሰን ደልደል አድርጎ ይረግጣል፣ ቶኒ ከርቲስ ፈጠን ይላል፣ ማርሎን ብራንዶ ለስለስ ያደርጋታል ይል ነበር። ሁለት ሦስት ሰው አብሮ ሲሄድ ብቻውን ለመሥራት ከሁለት እግሩ ሌላ ከዘራ ይጨምር ነበር። በሙያው ሰዎች ዘንድ የሚነገርለት አንድ ታሪክም አለ። ስታንሊ ኩብሪክ በ1960 ለወጣው «ስፓርታከስ» በሰንሰለት የታሰሩ ባሪያዎች የሚጓዙበትን ትዕይንት ድምፅ አልወደደውም፤ ወደ ቀረጻው ቦታ ተመልሶ እንደገና ሊያስቀርጸው አሰበ። ፎሊ ወደ መኪናው ሄዶ ቁልፎች ይዞ ተመለሰና ምስሉን እያየ ያቅጨለጭላቸው ጀመር። ጉዞውም ቀረ። ፎሊ በ1967 ሞተ። በሕይወቱ ሳለ ስሙ ስክሪን ላይ እምብዛም አልወጣም፤ ዛሬ በትልልቆቹ ፊልሞች መጨረሻ በሚወርደው የስም ዝርዝር ውስጥ የሙያ መጠሪያ ሆኖ ይነበባል።

ዘዴውን ንቄ ላልፈው አልፈልግም፤ ከጀርባው የዕቃውን ጠባይ ጠንቅቆ ማወቅ አለ። በደረቅ ብርድ የጠነከረ በረዶ ሲረገጥ የሚያሰማውን ክርክርታ ሚኒሶታ ወይም ኦስሎ የከረመ ሰው ያውቀዋል። ስቱዲዮ ውስጥ ይህ የሚሠራው ቆዳ ከረጢት ውስጥ በተጠቀጠቀ የበቆሎ ስታርች ነው። ደቃቁ ዱቄት ሲጨመቅ ቅንጣቶቹ ተያይዘው ይቆዩና ድንገት ይንሸራተታሉ፤ ብርድ የነካው በረዶም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አጥንት ሲሰበር ለማሰማት ሴለሪ ይሰበራል፤ ውሃ የቋጠሩት የአገዳው ክሮች አንድ ላይ ሳይሆን ተከታትለው ስለሚበጠሱ ስብራቱ የሰው ገላ ውስጥ ያለ ይመስላል። ጓንት እየተርገበገበ የወፍ ክንፍ ይሆናል። ጫፍ ጫፉ ላይ የወረቀት ክሊፕ የተለጠፈበት ጓንት ደግሞ ጣውላ ላይ ሲንቆረቆር ውሻ ቤት ውስጥ ሲዞር ይሰማል። ዐይን ውሻውን አይቷልና ጆሮ አይከራከርም።

ግን ከሚመስሉት መሀል የትኛው እንደሆነ የሚፈርደው ያው ጆሮ ነው። አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 «ሳይኮ»ን ሲሠራ በሻወሩ ትዕይንት ላይ ለሚሰማው የቢላዋ ምት የዕቃ ኃላፊው ዓይነት ዓይነቱን ሐብሐብና ሜሎን ገዝቶ እንዲያመጣ ተደረገ። ሂችኮክ ዐይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ፤ ሰውዬው አንድ በአንድ እየወጋ አሰማው። ጠረጴዛው በፍሬ ፍርፋሪ ተሸፍኖ ሲያልቅ ዳይሬክተሩ የተናገረው አንድ ቃል ብቻ ነው ይባላል፦ ካሳባ። ቅርፊቱ ወፍራም፣ ገላው ነጣ ያለ የሜሎን ዝርያ ነው። ተመልካቹ በዚያ ትዕይንት ቢላዋው ገላ ሲገባ አየሁ ብሎ የሚምለው አንድም በዚህ ፍሬ ምክንያት ነው።

ጃፓኖቹ ደግሞ ማንም ሰምቶት የማያውቀውን ድምፅ መፍጠር ነበረባቸው። የ1954ቱ «ጎጂራ» ጭራቅ ሲጮኽ ምን ይመስላል? የእንስሳት ድምፅ ተሞከረና አልሆነም፤ አንበሳ ምንም ቢቀጥን ቢወፍር አንበሳነቱን አይለቅም። መላውን ያመጣው የፊልሙ ሙዚቃ ደራሲ አኪራ ኢፉኩቤ ነው። የኮንትራባስን ወፍራም ጅማት አላልቶ፣ ሙጫ የተቀባ የቆዳ ጓንት አጥልቆ በጅማቱ ርዝመት ሳበው፤ የተቀረጸው ድምፅ ፍጥነቱ ተቀንሶ ተሰማ። ማሲንቆ የሚመታ ሰው ይህን ሲሰማ ብዙም አይገረምም። ሙጫ ያልነካው የፈረስ ጭራ ጅማቱ ላይ ሸርተት ብሎ ያልፋል እንጂ ድምፅ አይወጣውም፤ ሙጫው ሲይዘውና ሲለቀው፣ ሲይዘውና ሲለቀው ነው የሚያለቅሰው። ኢፉኩቤ ያደረገው ይህንኑ መያዝና መልቀቅ ጆሮ አንድ በአንድ ሊቆጥረው እስኪችል ድረስ ማዝገም ነው። የጭራቁ ጩኸት ውስጥ ቁጣ ብቻ ሳይሆን ሥቃይ የሚሰማንም ለዚህ ይመስለኛል።

የድምፅ ዲዛይነሩ ቤን በርት በ1977 ለወጣው «ስታር ዋርስ» የብርሃን ጎራዴውን ድምፅ ሲሠራ በተመሳሳይ ትዕግሥት ነው የሄደው። ደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ያውቀው የነበረ የፊልም ማሳያ ማሽን ሥራ ፈቶ ሲሽከረከር ዝማሬ የመሰለ እምምታ ነበረው፤ ያን ያዘ። ሌላ ቀን ሽፋኑ የተላጠ የማይክሮፎን ገመድ ይዞ በቴሌቪዥን አጠገብ ሲያልፍ ገመዱ የቴሌቪዥኑን ጉርምርምታ ጠለፈ። ሌላ ቀራጭ ቢሆን ተሳድቦ ገመዱን ይቀይራል። በርት ሁለቱን አዳበላቸው። የቀረው ድምፁ እንደ ጎራዴ እንዲወናጨፍ ማድረግ ነው። የተዳበለውን ድምፅ በድምፅ ማጉያ ለቀቀውና ከፊቱ ሌላ ማይክሮፎን እንደ ጎራዴ ያወናጭፍ ጀመር። ማይክሮፎኑ ሲቀርብ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲርቅ ይወፍራል፤ የሚያልፍ መኪና ጥሩምባ እንደሚያደርገው። ስለዚህ በፊልሙ ውስጥ የምንሰማው ውዝዋዜ የማሽን ውጤት ሳይሆን የአንድ ሰው ክንድ ነው። ክንድ ደግሞ ይደክማል፣ ይፈጥናል፣ ያመነታል።

«ጁራሲክ ፓርክ» (1993) ውስጥ የቲሬክሱ ግሳት ከዝሆን ግልገል፣ ከነብርና ከአዞ መሰባሰቡ ብዙ ተወርቶለታል። ለእኔ ከዚያ የሚበልጠው የውሃው ብርጭቆ ነው። እንስሳው ገና ሳይታይ መኪናው ውስጥ ያለው ውሃ ላይ ክብ፣ በክቡ ውስጥ ክብ ይወጣል። ስቲቨን ስፒልበርግ መኪናው ውስጥ ሙዚቃ ከፍ አድርጎ ሲሰማ መስታወቱ በቤዙ ሲንቀጠቀጥ አይቶ ነው ሐሳቡ የመጣለት። ማሠራቱ ግን ቀላል አልነበረም። መኪናውን መምታት ውሃውን ያናውጠዋል እንጂ ያን የመሰለ ንጹሕ ክብ አያወጣለትም። የልዩ ኤፌክት ኃላፊው ማይክል ላንቲየሪ ሁሉም አልሆን ሲለው ውሃ ያለበት ብርጭቆ ጊታር ላይ አስቀምጦ ክሩን ነካ አደረገ፤ ክቡ ወጣ። ከዚያ የጊታር ክር ከብርጭቆው ሥር ወደ መኪናው ወለል ወረደ፤ አንድ ሰው መኪናው ሥር ተጋድሞ ክሩን ይነካካ ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በዚያ ሰዓት ቦታው ላይ ምንም ዱብታ አልነበረም። ዱብታውን የድምፅ ዲዛይነሩ ጌሪ ራይድስትሮም በኋላ ነው ያመጣው። የታየው መንቀጥቀጥ ከአንድ ጊታር ክር፣ የተሰማው ርግጫ ከሌላ ቦታና ከሌላ ቀን ሆኖ፣ ተመልካቹ ግን ከወንበሩ ሥር መሬቱ ሲነቃነቅ ተሰማኝ ይላል።

ይህ ሁሉ ችሎታ አላግባብ ሲፈስም ይታያል። ጎራዴ ከሰገባው በተመዘዘ ቁጥር የሚሰማው ያ «ሽንንን» የሚል የብረት ጩኸት ያናድደኛል። የሀገራችን ጎራዴ ሰገባው ቆዳ ነው፤ ሲመዘዝ የሚያሰማው ከቀበቶ መፍታት ብዙም አይበልጥም። የፊልሙም ሰገባ አብዛኛውን ጊዜ ቆዳ ሆኖ ይታያል፤ ድምፁ ግን ቢላዋ ሞራጅ ቤት የገባን ያህል ነው። ቡጢውም እንደዚሁ፤ በሩን በደረቱ የሰበረ ይመስል ያስተጋባል። ተመልካቹ ስለለመደው ካልሰማ ቅር ይለዋል ይላሉ። ይሁን፤ ግን ለጆሮ የሚሠራ ሰው ጆሮን ማሰልጠንም ይችላል።

ሮቤር ብሬሶን በ1956 ባወጣው «ሞት የተፈረደበት ሰው አመለጠ» ያደረገው ይህንን ነው። ታሪኩ በጀርመን ወረራ ጊዜ ሊዮን ከሚገኘው የሞንሉክ እስር ቤት ስላመለጠ ሰው ነው። ካሜራው ከእስረኛው ፊትና እጅ እምብዛም አይርቅም፤ እስር ቤቱን የምናውቀው በጆሮ ነው። የማንኪያ እጀታ በሩን ሲፍቅ የሚያሰማው ድምፅ አንድ ሰው ቢያልፍ እንደሚሰማው እኛም እንሰጋለን። እሱና አብሮት የሚያመልጠው እስረኛ ጣሪያው ላይ ሲወጡ ከእግራቸው ሥር ጠጠር አለ፤ ያች የጠጠር ድምፅ ሕይወት ታስከፍላለች፤ ስለዚህ ባቡር ሲያልፍ ይራመዳሉ፣ ባቡሩ ሲርቅ ይቆማሉ። ከግንቡ ሥር ደግሞ አንድ ሲጥ ሲጥ የሚል ነገር ይመጣል፣ ይሄዳል። ምንድን ነው? እነሱም አያውቁትም፣ እኛም አናውቀውም። ብቅ ብለው ሲያዩ በሁለቱ ግንቦች መሀል በብስክሌት የሚዞር ዘበኛ ነው። ብሬሶን በአንድ ዘይት ያልነካው ብስክሌት የሠራውን ፍርሃት ብዙ አዘጋጅ በመቶ መድፍ አይሠራውም። እዚያ ፊልም ውስጥ ኮቴ ማጀቢያ ሳይሆን ራሱ ታሪኩ ነው።

ፎሊ ከሆሊውድ ርቆ እኛ ቤት የሚገባበት መንገድም አለ። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ማየት የብዙ ቤተሰብ የምሽት ልማድ ሆኗል። አንድ ፊልም ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመለስ የመጀመሪያው ንግግር ይወጣል። ግን ንግግሩን የቀዳው ማይክሮፎን አብሮ የቀዳው ኮቴ፣ የወንበር ሲጥታ፣ የብርጭቆ ኳታም አብሮ ይወጣል። ሰዎቹ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ዓለሙ ድንገት ዲዳ ይሆናል ማለት ነው። ለዚህ ተብሎ ሙዚቃና ኤፌክቱ ብቻ ያለበት፣ ንግግር የሌለበት ድምፅ ለብቻው ይዘጋጃል፤ ክፍተቱን አንድ በአንድ የሚሞሉት ፎሊዎቹ ናቸው። ለዋናው ፊልም የተዋናዩ የራሱ ኮቴ ደኅና ከተቀዳ ይበቃ ነበር፤ ለትርጉሙ ሲባል ግን ያም እንደ አዲስ ይረገጣል። እናም የኢስታንቡሏ እመቤት አማርኛ ስትናገር ከንፈሯ ትንሽ ይቀድማል ወይም ይዘገያል፤ የሻይ ማንኪያዋ ግን ብርጭቆውን ልክ በሰዓቱ ይነካል። ያ የምንሰማው ማንኪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ እሷ ይዛው የነበረው አይደለም።